የፓምፑ ጌጅ ስንት ባር ማንበብ አለበት? (የሥራ ሂደት ማስታወሻ፣ ደብረ ብርሃን)

ሰኞ

ሥራው የመጣው እንዲ ነው። ግቢ ውስጥ መሬት ላይ ካለው የኮንክሪት ሪዘርቫየር ውሃ ገፍቶ ከፋብሪካው ጀርባ ከፍታው ላይ ወዳለው የብረት ታንከር ሚወስድ ፓምፕ አለ፣ ማቅለሚያ ክፍሉም ቦይለሩም ከዛ ታንከር ነው ሚጠቀሙት፣ ሰሞኑን ግን ከሰዓት ላይ ታንከሩ እየጎደለ ማቅለሚያው ይቆማል። ስብሰባ ላይ "ፓምፑ ደክሟል አዲስ ይገዛ" ተባለ። እኔ ደሞ ከመገዛቱ በፊት አንድ ነገር ይጣራ አልኩ፣ ይሄ ፓምፕ ጤነኛ ቢሆን የዲስቻርጅ ጌጁ (ውሃው ሚወጣበት በኩል ያለው የግፊት መለኪያ) ስንት ባር ማንበብ ነበረበት? ሚያውቅ የለም። ኦፕሬተሮቹ "ኧረ ድሮም ሦስት ነው" ይላሉ፣ ሄጄ ሳየው ፓምፑ ጠፍቶም ሦስት ነው 😄 መርፌው ተጣብቋል። ደሞ ጌጁ እስከ 25 ባር ሚያነብ ነው፣ ለዚ መስመር ግማሽ ባር ማለት እዛ ላይ የጥፍር ጭረት ታህል ነው።

ኔምፕሌቱን በጨርቅ ጠርጌ ያነበብኩት፦ ፍሎው 60 ሜትር ኪዩብ በሰዓት፣ ሄድ (ውሃውን ወደ ላይ ሚገፋበት ከፍታ) 40 ሜትር፣ 2900 ዙር በደቂቃ፣ ሞተሩ 11 ኪሎዋት። ባር ሚባል ነገር የለም። ብዙ ሰው እዚ ጋ ነው ሚደናገረው፣ ፋብሪካው ፓምፑን ሲሸጥልህ "ይሄን ያህል ባር ይሰጣል" አይልህም ምክንያቱም ሴንትሪፉጋል ፓምፕ ሚሰጠው ከፍታ ነው፣ ባሩ ምን እየገፋህ እንደሆነና ከምን እንደተነሳህ አይቶ ነው ሚመጣው።

ማክሰኞ

መጀመሪያ ከፓምፑ በኩል ያለውን ስሌት። ነገርዬው አጭር ነው (ሳክሽን ሚባለው ውሃው ወደ ፓምፑ ሚገባበት በኩል ነው)፦

የዲስቻርጅ ፕሬዠር = የሳክሽን ፕሬዠር + (ሄድ × የፈሳሹ ክብደት)

ለቀዝቃዛ ውሃ 10.2 ሜትር ማለት 1 ባር ነው። ስለዚ 40 ለ10.2 ሲካፈል 3.92 ባር፣ ይሄ ፓምፑ ራሱ ሚጨምረው ነው። ሳክሽኑ ደሞ ባዶ አይደለም፣ ሪዘርቫየሩ ውስጥ ያለው ውሃ ከፓምፑ ሻፍት 2.5 ሜትር ከፍ ብሎ ነው ሚቆመው፣ አምስት ኢንች የሳክሽን ቱቦው ላይ ሚጠፋውን 0.2 ሜትር ገደማና የፍጥነቱን ድርሻ ስቀንስ ሳክሽን ፍላንጁ ላይ ወደ 2.2 ሜትር ይቀራል፣ 0.22 ባር ማለት ነው። ድምሩ 4.14፣ በቃ 4.1 ባር በሉት። የሳክሽንና የዲስቻርጅ ፍጥነት ስለሚለያይ የ0.01 ባር ልዩነት አለች፣ ጌጅ አያያትም ተዋት።

ከማቅለሚያ ክፍል የመጣ ልጅ አጠገቤ ቆሞ "የኛስ የኮስቲክ ፓምፕ በዚው ይሰላል?" አለኝ። ይሰላል፣ ግን 50 ፐርሰንት ኮስቲክ (ኮስቲክ ሶዳ) ከውሃ 1.5 እጥፍ ይከብዳል፣ ስለዚ ያው 40 ሜትር ሄድ ውፍረቱን ትተን ወደ 6 ባር ይሆናል። በናፍጣ ቢሆን ደሞ 3.3 ባር ነው። ሄዱ እኩል፣ ባሩ ሌላ፣ ሞተሩ ሚስበው ካረንትም ሌላ። በውሃ የተመረጠ ሞተር ኮስቲክ ላይ ተገጥሞ ኦቨርሎዱ እየዘለለ "መብራቱ ነው" ሲባል የሰማ ያውቀዋል።

አፓረንት (ለሥራ ልምምድ) የመጣው ተማሪ የጠየቀኝ ደሞ ይበልጥ ደስ አለኝ፦ ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ አየሩ ስስ ነው፣ ጌጁ ዝቅ አርጎ አያነብም ወይ? አያነብም። ጌጅ ሚለካው ከውጪው አየር ጋር ያለውን ልዩነት ነው፣ ታንከሩም ሪዘርቫየሩም ለዛው አየር ክፍት ናቸው፣ ስለዚ ይጣፋል። አየሩ ሚጎዳህ ሳክሽን ላይ ነው። ባሕር ጠለል ላይ አየሩ ብቻውን ውሃን 10.3 ሜትር ያህል ይገፋልሃል፣ እዚ 0.72 ባር አካባቢ ስለሆነ 7.3 ሜትር ነው ያለህ። የኛ ሳክሽን ከላይ ወደ ታች ስለሆነ አያሳስብም፣ ከጉድጓድ ሚስብ ፓምፕ ቢሆን ግን "ሰባት ሜትር ይስባል" ብሎ የሸጠልህን ሰው አትመነው። የቦይለሩ ፊድ ፓምፕ ላይ ደሞ ውሃ እዚ ከተማ በ91 ዲግሪ ገደማ መፍላቱን አትርሳ።

ረቡዕ

ዛሬ ከቱቦው በኩል። ዋናው ሥራ ይሄ ነው፣ የትናንቱ "ፓምፑ ምን ይችላል" ነው፣ የዛሬው "መስመሩ ምን ይጠይቃል"። ጌጁ ላይ ሚታየው ቁጥር ሁለቱ የተስማሙበት ነው እንጂ ፓምፑ ብቻውን የወሰነው አይደለም።

ሲቪል ልጆቹ በሌቭል ለኩልኝ፣ ቱቦው ታንከሩ አናት ላይ ሚያፈስበት ቦታ ከፓምፑ ሻፍት 24 ሜትር ከፍ ይላል። ቱቦው አራት ኢንች ጋልቫናይዝድ ነው፣ ውስጡ 102 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱን በሜትር ይዘን በእግር ሄድንበት፣ 320 ሜትር። ስድስት ክርን፣ አንድ ቼክ ቫልቭ (ውሃው ወደ ኋላ እንዳይመለስ ሚይዝ)፣ ሁለት ጌት ቫልቭ (አንዱ ፓምፑ ጋ፣ አንዱ መንገድ ማቋረጫው ማንሆል ውስጥ)።

በ60 ሜትር ኪዩብ ፍጥነቱ በሰከንድ 2 ሜትር ይሆናል። ፍሪክሽኑን (ውሃው ከቱቦው ጋር ሲፋተግ ሚጠፋውን) በሃዘን ዊልያምስ ፎርሙላ አሰላሁት፣ ለብረት ቱቦ ሲውን (የቱቦውን ውስጥ ልስላሴ ሚያሳየውን ቁጥር) 120 ብዬ፣ በየ100 ሜትሩ 5.1 ሜትር ይጠፋል፣ ለ320 ሜትር 16.3። ይሄ ፎርሙላ ሚሠራው ለውሃ፣ ያውም ብዙ ላልሞቀ ውሃ ነው፣ ለዘይት ምናምን እንዳትሞክሩት። ልቤ እንዲያርፍ በዳርሲ ዋይስባኽም ሠራሁት፣ የፍሪክሽን ፋክተሩ 0.023 ሆኖ 15.1 ሜትር አወጣ። ልዩነታቸው 1.2 ሜትር ነው፣ ወደ ባር ሲቀየር 0.12፣ ስለዚ የትኛው ይሻላል እያሉ መጨቃጨቅ ለዚ ሥራ ትርፉ ድካም ነው፣ የቱቦው ውስጥ ዝገት ከሁለቱም በላይ ያወራል።

ክርኖቹ፣ ቫልቮቹና መውጫው ተደምረው 1.5 ሜትር። እንግዲ፦

24 + 16.3 + 1.5 − 0.2 = 41.6 ሜትር

የተቀነሰችው 0.2 የፍጥነቱ ድርሻ ናት፣ ውሃው ጌጁ ጋ ሲደርስ በመሄድ ላይ ስለሆነ ያን ያህል ኃይል በፕሬዠር መልክ አይታይም። 41.6 ለ10.2፣ 4.08 ባር።

4.14 እና 4.08! ከፓምፑም ከቱቦውም ተነስቼ እዛው ደረስኩ። ማለት መጀመሪያ ይሄን ፓምፕ የመረጠው ሰው ሥራውን አውቆ ነው የመረጠው፣ ማን እንደሆነ ባላውቅም እጁን ይባርክለት። ስለዚ ጤነኛው ቁጥር 4.1 ነው፣ ነገ ጌጅ ገጥመን ከሱ ጋር ማመሳከር ነው።

ሐሙስ

ጌጅ ስትገዙ ዘወትር ሚነበበው ቁጥር መሀል አካባቢ እንዲውል አርጉ። እኔ ከዜሮ እስከ 10 ባር፣ ግሊሰሪን የተሞላ ነው ያስመጣሁት፣ ግሊሰሪኑ መርፌው እንዳይንቀጠቀጥ ይይዘዋል። አንዳንዱ በፒ ኤስ አይ ብቻ ነው ሚመጣው፣ ለ14.5 ማካፈል ነው። አሮጌው ጌጅ ግድግዳ ላይ ከፓምፑ አንድ ሜትር ከፍ ብሎ በቀጭን ቱቦ ነበር የተሰቀለው፣ ያ ብቻውን 0.1 ባር ያሳንሳል፣ አዲሱን ዲስቻርጅ ፍላንጁ ላይ ባለው ቀዳዳ በሻፍቱ ልክ በቴፍሎን ገጠምነው።

ወደ ሥራ ከመግባቱ በፊት አንድ ፈተና፦ ፓምፑ ጋ ያለውን ጌት ቫልቭ ዘግቶ ማስነሳት። ፍሎው ዜሮ ሲሆን ካታሎጉ ከርቭ ላይ (ፓምፑ በየፍሎው ሚሰጠውን ሄድ ሚያሳየው መስመር ላይ) ሄዱ 50 ሜትር ነው፣ ከሳክሽኑ ጋር ጌጁ ላይ 5.1 ባር መሆን አለበት። መርፌዋ ወጣች ወጣችና 5.1 ላይ ሊደርስ ትንሽ ሲቀራት ቆመች። ከደቂቃ በላይ እንዳታቆዩት፣ ውሃው እዛው እየተሽከረከረ ይሞቃል፣ የሻፍቱ ሲልም (ውሃ እንዳያፈስ ሚይዘው) ይቃጠላል። ይቺ ፈተና ብዙ ነገር ነው ምትነግራችሁ፣ ኢምፔለሩ (ፓምፑ ውስጥ ሚሽከረከረው ጎማ) አልተበላም፣ ዙሩ አልተገለበጠም፣ ጌጁም አይዋሽም። "ፓምፑ ደክሟል" ሚለው ወሬ እዚ ጋ አለቀ።

ከዛ ቫልቩን ከፈትን። 4.6 ባር።

አለቃችን ጌጁን አይቶ "ይኸው ካሰብከው በላይ ይገፋል፣ ምን ሆኗል ታዲያ?" አለ። ኤሌክትሪሻኑም ክላምፕ ሜትሩን ይዞ 15.5 አምፒር፣ ሞተሩ ዘና ብሏል አለ። ሁሉም ደስ አላቸው፣ እኔ ብቻ ነኝ ፊቴ የጠቆረው። የውሃ ጎማ ጫፉን በአውራ ጣት ስትይዙት ጎማው ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምራል አይደል፣ ባልዲው ግን ቶሎ አይሞላም። 4.6 ማለት ከፊት የሆነ ነገር አውራ ጣቱን አስቀምጧል ማለት ነው። ከርቩ ላይ ወደ ኋላ ሳነበው፣ 4.6 ባር 47 ሜትር፣ ሳክሽኑ ሲቀነስ ሄዱ 44.7 ይሆናል፣ እዛ ላይ ፓምፑ ሚሰጠው 44 ሜትር ኪዩብ ገደማ ነው። ከ60 ላይ 16 የት ገባ?

አርብ

ፍሎው ሜትር የለንም፣ ስለዚ ታንከሩን ራሱን መለኪያ አረግነው። ክብ ነው፣ ዲያሜትሩ 4 ሜትር፣ ወለሉ 12.57 ሜትር ካሬ። ጠዋት ማቅለሚያው ሳይነሳ መውጫውን ዘግተን ተማሪው ሜትር ይዞ ላይ ወጣ፣ ነፋሱ የደብረ ብርሃን ነፋስ ነው፣ ጋቢ አርጎ ነው የወጣው። በ10 ደቂቃ ውሃው 58 ሳንቲ ሜትር ከፍ አለ። 7.3 ሜትር ኪዩብ፣ በሰዓት ሲባዛ 44።

ጌጁ ያለው 44፣ ታንከሩ ያለው 44። ፍሎው ሜትር መግዣ ብር ለሌለው ሰው ጥሩ ጌጅና የፓምፑ ከርቭ ካለ ግማሽ መንገድ ሄዷል።

ለ44 ሜትር ኪዩብ ቱቦው መጠየቅ ያለበትን መልሼ አሰላሁ፣ ፍሪክሽኑ 9.2 ሜትር፣ ከፍታው ያው 24፣ ቅንጥብጣቢው ሲጨመር ጌጁ 3.3 ባር ነበር ሚሆነው። እኛ ጋ 4.6 ነው። 1.3 ባር መስመሩ ላይ ያለ ሥራ እየተበላ ነው።

ቅዳሜ

አሳ ማጥመድ በሉት። ተጠርጣሪዎቹ ሦስት ናቸው፦ ቼክ ቫልቩ፣ ማንሆል ውስጥ ያለው ጌት ቫልቭ፣ ወይ ቱቦው ራሱ ውስጡ ዝጎ ጠቧል። ቱቦው ከሆነ ኪሳራው በ320 ሜትሩ ላይ ተበትኖ ነው ሚገኘው፣ ቫልቭ ከሆነ አንድ ቦታ ላይ ገደል ይሆናል። ስለዚ ያንኑ ጌጅ እያዞርን መለካት ነው። ሁለት የተለያየ ጌጅ ብትጠቀሙ የጌጆቹን ልዩነት ነው ምትለኩት፣ አንዱን ካዞራችሁት ግን ስህተት ቢኖረውም ሲቀናነስ ይጠፋል።

ከቼክ ቫልቩ በፊትና በኋላ መርፌዋ ያው ነው፣ እሱ ነፃ ወጣ። እግረ መንገዴን ፓምፑ ጠፍቶ ከቼክ ቫልቩ በኋላ ያለውን አነበብኩ፣ 2.35 ባር፣ ማለት 24 ሜትር፣ የሲቪል ልጆቹ ሌቭል ትክክል ነው። ቼክ ቫልቩም ውሃውን ይዞ ቁጭ ብሏል።

ማንሆሉ ከፓምፑ 140 ሜትር ይርቃል፣ 6 ሜትር ከፍ ይላል። ከቫልቩ ፊትና ኋላ ግማሽ ኢንች ሶኬት በያጆቹ አስገቡልን። ከፊት 3.5 ባር። ከኋላ 2.4 ባር። አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት 1.1 ባር ጠፋ! ጆሮ ጠጋ አርጎ ላዳመጠም ቫልቩ ይፏጫል። የቀረችው 0.2 የቱቦው እርጅና ናት፣ እሷን አልጣላም።

የቧንቧ ሥራውን ለዓመታት የያዙት ጋሼ ቆመው ያያሉ፣ "እሱ እኮ ክፍት ነው፣ እኔው ነኝ የከፈትኩት" አሉኝ። ጋሼ ይሞክሩት አልኳቸው፣ መሪውን ወደ መክፈቻ አዞሩት፣ እስከ መጨረሻ ሄዷል። ልክ ናቸው። መሪው ክፍት ነው፣ ውስጡ ያለው በር ነው ያልተከፈተው።

ቀጣዩ ሰኞ

ፋብሪካው ሳይነሳ መስመሩን አራግፈን የቫልቩን ክዳን ፈታን። ብሎኖቹ በዝገት ተያይዘዋል፣ ሁለቱን በፍሌክስ ቆረጥን። ክዳኑ ከነ ስፒንድሉ ተነስቶ ወጣ፣ በሩ ግን ከታች ቀረ፣ መቀመጫው ላይ ሊደርስ ጣት ያህል ሲቀረው በጭቃና በዝገት ተጣብቆ ቁጭ ብሏል። ስፒንድሉ ሚይዘው የናስ ዳዶ ጥርሱ ሙልጭ ብሎ ተበልቷል፣ ምላጭ ምላጭ ሚያክል የናስ ብናኝ ስፒንድሉ ጥርስ ውስጥ ታጭቋል። እና መሪውን ስታዞረው ስፒንድሉ ዳዶው ውስጥ ዝም ብሎ ይዞራል፣ በሩ ምንም አልሰማም። የሆነ ጊዜ መንገዱ ጋ ቱቦ ሲጠገን ተዘግቶ፣ ሲከፈት ጥርሱ አልቆ በሩ ትንሽ ብቻ ተነስቶ የቀረ ይመስለኛል። ጋሼ በሩን በእጃቸው ገልበጥ አርገው አዩትና "እሱንስ እኔም አላውቀው" ብለው ሳቁ።

ሂሳቡም ይገጥማል፣ በ44 ሜትር ኪዩብ 1.1 ባር ሚበላ ጌት ቫልቭ ማለት ቀዳዳው ወደ አንድ ስምንተኛ የጠበበ ነው፣ ዓይናችን ያየውም እሱኑ ነው።

ስቶር ውስጥ አዲስ አራት ኢንች ቫልቭ ነበረ፣ ጓርኒሲዮኑን ቀይረን ገጠምነው፣ መስመሩን ቀስ ብለን አየሩን እያስወጣን ሞላን። ከአዲስ ፓምፕ ጋር ዋጋውን አላወዳድርም፣ ፋይናንስ ያወዳድር።

ማክሰኞ

ጌጁ 4.2 ባር። ታንከሩ በ10 ደቂቃ 77 ሳንቲ ሜትር፣ 58 ሜትር ኪዩብ በሰዓት። ሞተሩ 17.5 አምፒር።

ኤሌክትሪሻኑ "ካረንቱ ጨመረ፣ አሁን ነው የተበላሸው" ብሎ መጣ። ሴንትሪፉጋል ፓምፕ ብዙ ውሃ ሲሰጥ ነው ብዙ ሚስበው፣ የሞተሩ ልክ ደሞ 21 አምፒር ገደማ ነው፣ ገና ቦታ አለው። ካረንቱ 13 ፐርሰንት ጨመረ፣ ውሃው 32 ፐርሰንት። ፕሬዠሩ ወርዶ ውሃው መጨመሩ አሁንም ያልዋጠለት ሰው አለ፣ ከርቩን ፕሪንት አርጌ ፓምፕ ቤቱ በር ላይ ለጠፍኩለት።

4.2 እንጂ 4.1 ያልሆነው ቱቦው ካሰብኩት ትንሽ ስለሸከረ ነው። ወደ ኋላ ሳሰላው ሲው 111 ይመጣል፣ ለቆየ ጋልቫናይዝድ መልካም ነው። ይሄን ቁጥር ያዙልኝ፣ ከዓመት በኋላ በዛው ፈተና 100 ከሆነ ቱቦው ውስጥ ምን እየተካሄደ እንደሆነ ሳንቆርጥ እናውቃለን።

ሐሙስ

መብራት ጠፋና ኦፕሬተሩ ደወለ፣ "ኢንጂነር፣ ጌጁ ወረደ፣ 3.9 ነው፣ ቫልቩ እንደገና ሄደ መሰለኝ"። ቫልቩ ቢሄድ ኖሮ ጌጁ ይወጣ ነበር እንጂ አይወርድም። ጄነሬተሩ ጋ ሄጄ ፍሪኩዌንሲውን አየሁ፣ 48 ኸርዝ፣ መሆን ያለበት 50 ነው። ሄድ ከዙሩ ካሬ ጋር ነው ሚሄደው፣ 48 ለ50 ሲካፈል 0.96፣ ካሬው 0.92፣ ስለዚ ፍሎው ዜሮ ላይ ያለው የ50 ሜትር ሄድ 46 ሆነ። ከመስመሩ ጋር አገናኝቼ ሳሰላው 54 ሜትር ኪዩብ በ3.9 ባር። ልክ ያነበበው። የጄነሬተሩ ገቨርነር (ዙር መቆጣጠሪያው) እንዲስተካከል ለኤሌክትሪክ ክፍል ጻፍኩ።

ጌጁ መስታወት ላይ በፔይንት ማርከር ሦስት መስመር አስምሬያለሁ፣ 3.9 በጄነሬተር፣ 4.2 በመብራት፣ 5.1 ቫልቭ ተዘግቶ። ከ4.2 ከወጣ ፊት ለፊት የተዘጋ ነገር ፈልጉ፣ በመብራት እየሠራ ከወረደ ኢምፔለሩን ወይ ሳክሽኑን እዩ ወይ ደሞ የፈነዳ ቱቦ አለ፣ ብዬ ከታች ጽፌበታለሁ። የፓምፕ ግዢው ጥያቄ ተመልሷል። የቀረው ማንሆሉ ውስጥ የተበየዱት ሶኬቶች ላይ ቋሚ ቦል ቫልቭ መግጠም ነው፣ ግማሽ ኢንቹ ስቶር ውስጥ ስለሌለ ግዢ ጠይቄያለሁ፣ እስከዛው በታፖ ተዘግተዋል።